ወንበርህን ማን እንደወሰደው

ኒው ሃምፕሸር፣ መጋቢት 1843

ለተከበርከው ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ዋና ከተማው ተስማምቶህ ቦርጭ ማውጣትህን ከዚያ የመጡ ሰዎች ነግረውናል። እኛ ተመስገን ደህና ነን። እማዬ ግን ደህና አይደለችም። አባታችን ያጭደው የነበረውን መስክ በመስኮት ስታይ ትውላለች። አሁን ውሃ ነው። አንተ ምክር ቤት ተቀምጠህ እጅህን አውጥተህ ያጸደቅኸው የወፍጮ ግድብ ውጦታል። ድርቆሽ ስላጣን ላሞቿን ሸጠናል። አንተ ግን አንዲት ቃል እንኳ አልጻፍክላትም። አዝኜብሃለሁ፤ ይኸው በግልጽ ነገርኩህ።

አጀማመርህን ረስተኸዋል መሰለኝ። ባገባህ ዓመት የመንደራችን ሸንጎ፣ በደንባችን የዓመቱን ሙሽራ እንደሚያደርገው፣ በሳቅ የአሳማ ሹም አድርጎ መረጠህ። ሌላው ሙሽራ ስቆ ያልፈዋል። አንተ ግን የምርህን ይዘኸው፣ የጎረቤቱን አሳማ ሁሉ ከየበቆሎው ማሳ እያሳደድክ ደረትህን ነፍተህ ከረምክ። አባታችን «ይሄ ልጅ ሹመት ቀመሰ፤ ከእንግዲህ ማረሻ አይጨብጥም» ብሎ ነበር። አልተሳሳተም።

አባታችን ካረፈ በኋላ ጎረቤታችን ኤሊፋሌት ለትዳር ፈልጎኝ ቢጠይቅህ፣ «እጁ ፍግ ይሸታል፤ የእኔ እህት ለገበሬ አትሰጥም» ብለህ አባረርከው። አንተ ምን ነበርክ? ሐኪም?

ባለፈው ማክሰኞ ሸንጎው የምክር ቤት ተወካይና የዓመቱን ሹሞች ሊመርጥ ተሰበሰበ። አንተ «ወንበሬን ማን ይነካዋል» ብለህ ለመምጣት እንኳ ተጸየፍክ። መስካቸው የሰጠመባቸው ሁሉ ግን በረዶውን ጥሰው መጡ። እኛ ሴቶች ድምፅ ባይኖረንም ከኋላ ተቀምጠን ሰማን፤ እማዬንም በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ወስጃት ነበር። ወንበርህን ኤሊፋሌት ወሰደው። ግድቡን ለማስፈረስ እስከ መጨረሻው እንደሚሟገት ቃል ገብቷል። አንዱ ሽማግሌ «ለክቡርነታቸው ማን ያርዳቸው?» ቢሉ፣ እኔ እጽፍለታለሁ አልኩ።

ቀጥሎ የአሳማ ሹም ምርጫ ደረሰ። ገና ስም ሳይጠራ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ኤሊፋሌት እስከ ጆሮው ቀልቶ ተነሳና «ሁለቱንም ተቀብያለሁ፤ የምኮራው ግን በአሳማው ነው» አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ። እማዬም ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች።

እግዚአብሔር ልቦና ይስጥህ፤ የመመለሻ መንገድህንም ያቅናልህ። ማረሻህ በረት ውስጥ አለ፤ ዝገቱን ጠርጌልሃለሁ። መልስ የምትጽፍልኝ ከሆነ በኤሊፋሌት ቤት አድራሻ ላከው።

እህትህ