ስድስት መዝሙርና አንድ መስኮት

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ዕቃ አጣቢ ሆኜ አረፍኩት። ስድስት ዓመት ዋርድ ውስጥ በነርስነት ሠርቼ፣ ዛሬ ጠዋት የነርሶች አለቃዋ ሜትሮኗ ቢሮ ጠርተውኝ «ከዛሬ ጀምሮ ማምከኛ ክፍል ትገቢያለሽ» አሉኝ። ምን አጠፋሁ ብላቸው «ሰው ጎድሎ ነው» ብለው ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ። ከለቡ ድረስ በታክሲ እየተጋፋሁ የምመጣው ለመቀስ ነው ማለት ነው።

ክፍሉ ይኼ ነው፦ ሁለት ኦቶክሌቭ፣ የቀዶ ሕክምና ዕቃ በእንፋሎት የሚያመክኑ በርሜል የሚያካክሉ ማሽኖች። ዕቃው በጨርቅ የሚጠቀለልበት ረጅም ጠረጴዛ። የመከነው የሚደረደርበት መደርደሪያ። ጥግ ላይ ሙቀት የማይችሉ ዕቃዎች የሚዘፈዘፉበት የኬሚካል ገንዳ፣ ክዳኑ የተሰነጠቀ። አንድ መስኮት፣ እሱም ዙሪያውን በቴፕ የታሸገ።

ኃላፊዋ ሲስተር ዘነበች ይባላሉ። የሆሳዕና ሰው ናቸው፤ እዚህ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። አጠር ያሉ፣ ድምፃቸው የሻከረ፣ በየመሃሉ የሚያስላቸው። ማኩረፌን እንዳላዩ አለፉት። ከማሽኑ የወጣ አንድ ጥቅል አንስተው በመዳፋቸው መዘን አደረጉና «ይሄ እርጥብ ነው፣ ይመለስ» አሉ። እኔ ነካሁት፤ ደረቅ ነው። ፈታነው። መሃል ለመሃል አንዲት ጨርቅ ረጥባለች። እኔ ቴርሞሜትር ይዤ እንኳ የምሳሳተው ሴትዮ አፌን ይዤ ቀረሁ።

ከሰዓት በኋላ ዓይኔ እንባ በእንባ ሆነ፣ ራሴን ፈለጠኝ። አዲስ ቦታ ነው ብዬ ተውኩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ጠቅልዬ ጨረስኩ ስል ሲስተር «ስምሽስ?» አሉኝ። ለካ እያንዳንዱ ጥቅል በሚታሰርበት ቴፕ ላይ ቀኑና የጠቀለለው ሰው ስም ይጻፋል። «የሰው ሆድ ሲከፈት አንቺ እዚያ የለሽም፤ ስምሽ ግን አለ» አሉ። ዋርድ ሳለሁ ስንቱን ጥቅል ቦጭቄ ከፍቻለሁ። የማንን ስም ቅርጫት ውስጥ እንደምጥል አንድም ቀን አንብቤ አላውቅም።

ቴፑ ሲገባ ባዶ ነው፤ እንፋሎቱ ሲደርሰው ጥቁር ጥቁር መስመር ያወጣል። የመጀመሪያው ጥቅሌ ሲወጣ ስሜ መስመሮቹ መሃል ተቀምጧል። እንደ ልጅ ደስ አለኝ። ለማንም አልናገርም።

ምሳ ሰዓት ላይ ዘበኛው ጋሽ ቶላ አጫወቱኝ። የዚሁ ሰፈር ባላገር ናቸው፤ ሆስፒታሉ የቆመበት መሬት ላይ አባታቸው ጤፍ ያርሱ ነበር፣ እሳቸውም እስከ ዛሬ ሁለት ላም ያልባሉ። «ሲስተርሽ እኮ ዘማሪ ነበረች» አሉኝ። መካኒሳ ባለው ቤተ ክርስቲያናቸው የመዘምራን መሪ ናቸው አሉ። የትልቁ ኦቶክሌቭ ሰዓት ከተበላሸ ዓመታት ሆኖታል፤ ሲስተር ሠላሳዋን ደቂቃ የሚቆጥሩት በመዝሙር ነበር። ስድስት መዝሙር። ስድስተኛው ሲያልቅ እንፋሎቱን ይለቁታል።

«እኔ መስኮቱ ስር ቁጭ ብዬ የእጅ ሰዓቴን አያለሁ፤ አንዲት ደቂቃ አትስትም። ዓምና መስኮቱ ሲታሸግ መስማቴ ቀረ» አሉ ጋሽ ቶላ።

ሲስተርን ጠየቅኳቸው። «አሁን ሰዓት ገዝተናል» ብለው ግድግዳውን አሳዩኝ። ከዚያ አሳላቸው።

ዓይን፣ ራስ፣ ዛሬም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

መስኮቱን ያሸጉት ራሳቸው ሲስተር ናቸው። ዓምና መንገዱ ሲቆፈር አቧራው ገብቶ መደርደሪያው ላይ ተኛ። የመከነውን ሁሉ ፈትተው እንደገና አጥበው፣ እንደገና ጠቅልለው፣ ሲጨርሱ ቴፑን አንስተው አራቱንም ጠርዝ ሦስት ድርብ አድርገው ለጠፉት። ጠጋ ብዬ አየሁ። ቀንና ስም ተጽፎበታል፦ ዘነበች። ልማድ ነዋ። መስኮቱንም እንደ ጥቅል ፈረሙበት። ልስቅ አልኩና ሳቄ ጠፋ።

«መዝሙሩስ?» አልኳቸው።

ሥራቸውን ሳያቋርጡ ነገሩኝ። ድምፃቸው የጠፋው ጉሮሯቸውን ብርድ መትቷቸው ነው፣ ዕድሜም አለበት። ከመዘምራኑ ጋር ይቆማሉ፣ አፋቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ፤ ማንም አላወቀባቸውም። ሐምሌ ላይ ለዓመት ፈቃድ ሆሳዕና ሄደው በሳምንቱ ድምፃቸው መጣ። ጌታ ፈወሰኝ ብለው ጉባኤ ፊት መሰከሩ። ተመልሰው ሥራ በገቡ በአራተኛው ቀን ድምፃቸው ሄደ። «እምነቴ አንሶ ነው የተወሰደብኝ» አሉ፣ ጨርቁን እያጠፉ። አንጀቴን በሉት።

ለቡ ስደርስ ራስ ምታቴ የለም። ጠዋት ስገባ ይጀምረኛል። አንድ ነገር አሰብኩ፤ ለመናገር ግን አልደፈርኩም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

አርባ ሁለት ጥቅል። ዓይን፣ ራስ፣ ጉሮሮም ተጨመረ። ክንዴን እንፋሎት ለበለበኝ። የሲስተርን ክንድ ሳይ ከእጅ አንጓ እስከ ክርን ጠባሳ በጠባሳ ነው። ስንት ሰው ይሆን በእነዚያ እጆች ድኖ ወደ ቤቱ የሄደ፣ ስማቸውን ሳያውቅ? ሌላ ለመጻፍ አቅም የለኝም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን ነው። ከተማው ከንጋት ጀምሮ ቆሻሻውን ያቃጥላል። ከብስራተ ገብርኤል እስከዚህ ጭስ በጭስ፣ ታክሲው ውስጥ ሁሉም አፍንጫውን ይዞ።

ሲስተር ጠዋት የገንዳውን ኬሚካል ቀየሩ። አዲሱን ሲያፈሱ ሳል ጀመራቸው፣ ከዚያ ትንፋሻቸው ማፏጨት ጀመረ። ከንፈራቸው ጠቆረ። ደግፌ ወደ ግቢ አወጣኋቸው፤ ስወጣ ጋሽ ቶላ አጥሩ ሥር የቆሻሻ ክምር አንድደው ጭሱ ግቢውን ሞልቶታል። ገደልኳቸው አልኩ በልቤ።

ሲስተር አጥሩን ይዘው ቆሙ። አንድ ትንፋሽ፣ ሁለት። ፉጨቱ እየቀነሰ መጣ። ጋሽ ቶላ ደንግጠው «ጭሱ ነው፣ አስገቢያት» አሉኝ። አስገባኋቸው፤ ወዲያው ተመለሰባቸው። እንደገና አወጣኋቸው፤ ለቀቃቸው።

ከተማው ሁሉ ጭስ ሸሽቶ መስኮቱን ይዘጋል፣ እሳቸው ጭስ ውስጥ ቆመው ተነፈሱ።

ድንገተኛ ክፍል ወስጄ የሚነፋ መድኃኒት ከተሰጣቸው በኋላ ነገርኳቸው። «ሲስተር፣ ድምፅዎን ጌታ አልወሰደም። ገንዳው ነው። የኬሚካሉ ትነት መውጫ የለው፣ ዓመት ሙሉ ተነፈሱት።» ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ «ታዲያ መስኮቱን ልክፈትና አቧራው ይግባ? ለእኔ ጉሮሮ ብዬ የሰው ቁስል ላመግል?» አሉ።

ለሜትሮን እንዳልናገርም አስጠነቀቁኝ። ከሰማች ታዛውረኛለች፣ ከዚህ ክፍል ወጥቼ ምን እሆናለሁ አሉ። ስለ እርስዎ አልናገርም ብዬ ቃል ገባሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ቤት ዋልኩ። ዓይን ደህና። ራስ ደህና። ጉሮሮ ደህና። የሳምንቱን ደብተር ገለበጥኩት፤ ለካ ሳላውቀው ማስረጃ ስጽፍ ነው የከረምኩት። ደብተሩን ግን ለሜትሮን አላሳይም፣ ስለሳቸው የጻፍኩት አለ። ሕመሙን ብቻ በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩ፣ የእኔን ብቻ። የሲስተርን ስም አላነሳም። ቃሌን አልበላሁም፣ ዝምም አላልኩም።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ወረቀቴን ለሜትሮኗ አነበብኩላቸው። ሜትሮኗ «ሃያ ሁለት ዓመት ዘነበች ያላማረረችውን አንቺ በሳምንትሽ?» አሉኝ።

በሩ ተንኳኳ። ሲስተር ገቡ፣ የት እንደሄድኩ ጠርጥረው ኖሯል፤ በእጃቸው የተጨማደደ ረጅም ቴፕ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «መስኮቱን ያሸግሁት እኔ ነኝ፣ ስሜ አለበት» አሉ። «የሷ ሕመም የኔም ነው። በኔ ላይ ብሷል፣ እሷን ደግሞ አስጀምሬያታለሁ።» ይህን ሁሉ ያሉት በዚያች በተሰነጠቀች ድምፅ ነው። ከክፍሉ ሊያስወጣቸው የሚችለውን ቴፕ በራሳቸው እጅ አመጡት፣ አንድ ሳምንት ብቻ ለሚያውቋት ሰው ብለው።

ሜትሮኗ ቴፑን አዩት። ተነሥተው ከእኛ ጋር መጡና ገንዳው አጠገብ ቆሙ። ብዙም ሳይቆዩ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። «ዛሬውኑ ይውጣ» አሉ።

ገንዳው ጓሮ ወዳለው አሮጌ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሄደ፤ ሁለት ትልልቅ መስኮት አለው፣ መደርደሪያ የለበትም፣ አቧራ ቢገባ የሚነካው የመከነ ዕቃ የለም። አዲስ ክዳን ታዟል። ሲስተር ገንዳው አጠገብ እንዳይደርሱ ተባለ፤ መዘፍዘፉ የእኔ ነው፣ በመነጽርና በማስክ። ከክፍላቸው ግን አልወጡም። ዓመት ሙሉ ለመፍትሔው የጎደለው እስከ ጓሮ ያለው ሠላሳ እርምጃ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

የሳንባ ሐኪሙ ሲስተርን የትንፋሽ መለኪያ ቱቦ አስነፏቸው። ከሥራው የመጣ ነው አሉ። ድምፃቸው ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል፤ ብዙ ቆይቶባቸዋል። ሲስተር ወደ ታክሲ ስንሄድ «እንግዲህ እምነቴ አልነበረም» አሉ። እስከ ታክሲው ድረስ እጄን አልለቀቁም።

ሰኞ፣ ኅዳር 29

የእኔ ዓይን ከዳነ ቆየ። የሲስተር ሳል ቀንሷል፤ ድምፃቸውን ግን ስለፈራሁ አልጠይቅም።

ዛሬ ጠዋት መደርደሪያው ባዶ ስለነበረ መስኮቱ ተከፍቷል። ትልቁን ኦቶክሌቭ ሞልተን ዘጋን። የማሽኑ ግፊት መለኪያ መርፌ ቦታው ሲደርስ እንደ ልማዴ ሰዓት ልይዝ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ሲስተር «ተይው» አሉኝ።

ጀመሩ። ዝግ ያለ፣ ሻካራ፣ ግን መዝሙር። እኔ የማርያም ልጅ ነኝ፣ መዝሙሩን አላውቀውም፤ ጥቅል እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። አንደኛው አለቀ። ሁለተኛው። እጃቸው ጨርቅ ያጥፋል፣ ዓይናቸው ማሽኑ ላይ ነው። ሦስተኛው ላይ ድምፁ ክፍሉን ሞላው። አራተኛው መሃል ላይ ከፍ የሚል ቦታ ደረሱና ተሰነጠቀ። ሞከሩ፤ እንደገና ተሰነጠቀ። ዝም አሉ።

ማሽኑ ብቻ ይተነፍሳል።

ከመስኮቱ ስር የጋሽ ቶላ ድምፅ መጣ። «አሥራ ሰባት ደቂቃ ተኩል» አሉ። «አልሳትሽም።»

ሲስተር በቀሚሳቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ወደ ግድግዳው አመለከቱኝ። የቀረውን አሥራ ሁለት ደቂቃ ተኩል በሰዓት ቆጠርነው።