የወይኔ ነገር

ዓርብ፣ ጥር 18 ቀን 1948 ዓ.ም.

ልብስ ሰፊው ተክላይ ወይኔን ቆረጣት። ሰባት ዓመት ያሳደግኋትን። ከነቅርንጫፏ፣ ከነቅጠሏ... የቀረው ክንድ የማይሞላ ጉቶ ነው።

ጠዋት እንደ ወትሮው ነበር። ጌሾዬን አየሁ፣ ኮኩን አየሁ፣ የጽጌረዳውን ሥር ኮተኮትሁ። ከዚያ አራት ኪሎ ሄጄ ደጅ ስጠና ዋልሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስመለስ አጥሩ ራቁቱን ቆሟል። ከአጥሩ ማዶ የተክላይ መስኮት ይታየኛል። ሰባት ዓመት አይቼው የማላውቀው መስኮት!

ጮኽሁ። «ወይኔን! ወይኔን!» አልሁ። ሌላ ምን ይባላል? ወይኔ ነቻ።

ከዚያ የሆነውን መጻፍ ያሳፍራል። ግን እጽፈዋለሁ። ባለሱቁ ሽኩር ሱቁን ዘግቶ እየሮጠ መጣ። የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግቢዬን ሞሉት። ወይዘሮ የሺ ደግሞ ገና ከበሩ ሳትደርስ ደረቷን ትደቃለች። «እንዲያው ምን ያለች ደግ ነበረች! ለደጀ ሰላም የማትሰስት!» ስለ ወይኔ የምታለቅስ መሰለኝ። እንዲያውም ደስ አለኝ። አንድ ሰው እንኳ ገባው ብዬ።

«ምን አገኛቸው ባላምባራስ?» አለ ሽኩር።

«ጠዋት ደህና ነበረች» አልሁ። «ተክላይ ነው! በመቀስ!»

«በመቀስ? ፖሊስ ጥሩ!»

ይኸኔ ባለቤቴ ተናኘወርቅ ማማሰያዋን እንደያዘች ከማድ ቤት ወጣች። የሺ እሪ ብላ ሽኩር ላይ ወደቀች።

«ማን ሞቶ ነው?» አለች ተናኘወርቅ።

«እርስዎ» አለ ሽኩር።

«እ? እሺ፤ ደግ ነበረች ስትሉ ሰምቻለሁ። እስቲ ቀጥሉ።»

ጥፋቱ የኔ አይደለም። «ወይኔን» ነው ያልሁት። «ን» አለችበት። ሰው ቋንቋ አያውቅም።

ኋላ ተክላይ ራሱ መጣ። ሜትር አንገቱ ላይ፣ መቀስ እጁ ላይ። ከለቀስተኛው ጋር ሊያለቅስ! «አቦይ፣ ምን ሆኑ?» ይለኛል ደግሞ።

«ስምህ ተክላይ፣ ሥራህ ነቃይ!» አልሁት። ሰዉ ሳቀ። አልቀለድሁም እኮ።

«አቦይ፣ ቅጠሉ መስኮቴን ጋርዶት በጨለማ ስሰፋ ለአንድ ሱሪ ሁለት የግራ እግር አወጣሁለት። ደግሞ ወይን ካልተከረከመ አያፈራም። አሥመራ ጣሊያን ቤት አትክልተኛ ሳለሁ...»

«ጢምህ ሲቆረጥ ፍሬ ታፈራለህ?»

«በሰኔ ያዩታል» አለ። ፈገግ ብሎ።

ፈገግታው ነው ያሳበደኝ። «ይህ ጉቶ ካፈራማ፣ ጃንሆይ ይሙቱ! አንተን ጋሼ ብዬ፣ እርስዎ ብዬ እጠራሃለሁ!»

የሺ አማተበች። ልጁ ሠላሳ አልሞላውም። እኔ ስድሳ ስምንቴ ነው። በጃንሆይ ምሎ የሚያጥፍ ደግሞ ከሰው አይቆጠርም። ይሁን፤ ጉቶ አያፈራም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ተክል ስተክል ማንም አላስተማረኝም። አሁንም ማንም አያስተምረኝም።

ጥር 19

መቀሱን ያስገባችው ተናኘወርቅ ናት። ዛሬ ራሷ ነገረችኝ። «ሰባት ዓመት ሙሉ ቅጠል ሲያሳዩኝ ኖሩ። ቅጠሉንማ ከጌሾውም አየዋለሁ» አለች። ምን ዓይነት አነጋገር ነው?

ከዛሬ ጀምሮ አላናግራትም።

ከምሳ በኋላ አናገርኋት። መነጽሬ የት እንዳለ የምታውቀው እሷ ናት።

የካቲት 4

ጉቶዋ ታለቅሳለች። ከተቆረጠችበት ላይ ውኃ... ጠብ... ጠብ። ሻሼን ቀድጄ አሰርሁላት። ሻሹም ራሰ።

ተክላይ በመስኮቱ ብቅ አለ። «አቦይ፣ ማልቀሷ ጥሩ ነው። ሥሯ ደህና ነው ማለት ነው።»

ማልቀስ ጥሩ የሆነበት አገር የት ነው? ጀርባዬን ሰጠሁት። ሽኩር ሱቅ ሄጄ ግን «ወይኔ! እንዴት ትዳን?» ብል፣ ስኳር የሚመዝንበትን ትቶ፦

«በ‹ን› ነው ያለ ‹ን› ባላምባራስ? ሱቅ ልዝጋ ወይስ ልቆይ?»

የአራዳ ሰው እንዲህ ነው። አንድ ቃል ካገኘ አይለቅም። ስኳሩን ሳልወስድ ወጣሁ። አሁን ሻዩን ያለ ስኳር እየጠጣሁ ነው። መራራ ነው። ግን አልመለስም።

የካቲት 21

ቡቃያ! ምስር የምታህል። ጉቶዋ ጎን ላይ። ሮዝ... አይደለም፣ አረንጓዴ... ልቤ ዘለለ። በጉልበቴ ተንበርክኬ አየኋት። ወዲያው ትዝ አለኝ። ጋሼ ተክላይ።

ልቤ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ቡቃያ ፍሬ አይደለም።

መጋቢት 24

ከአንድ ክንድ በላይ አደገች። ተክላይ ትናንት በመስኮቱ፦ «ሽቦ ወጥረው ይሰሯት፤ አለዚያ መሬት ለመሬት ትሄዳለች።» ተክል መንገዱን ራሱ ያውቃል አልሁት። ዛሬ በማለዳ ማንም ሳይነሣ ሽቦ ወጥሬ አሰርኋት።

«ማን አሰራት አቦይ?»

«ነፋስ።»

«ነፋስ እንዲህ ያለ ቋጠሮ ያውቃል?»

ያውቃል። እኔን ማን አስተማረኝ?

ሚያዝያ 16

አበባ አወጣች። እንደ ጤፍ የደቀቀ። ዘለላውን ቆጠርሁ። አሥራ አንድ። እንደገና ቆጠርሁ። አሥራ አንድ።

ተናኘወርቅ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ተክላይም መስኮቱን ዘግቷል። መቀስ አነሣሁ። አሥራ አንድ ጊዜ ቀጭ... ከዚያ ነጻ ነኝ። አበባው በብርድ ረገፈ እላለሁ። ማን ያውቃል? ማንም።

ቀረብሁ። ሽታው መጣ። እንዲህ የሚሸት መሆኑን አላውቅም ነበር። ሰባት ዓመት የጠበቅሁት ይህን አይደለም ወይ? ታዲያ በገዛ እጄ? መቀሱን እንደከፈትሁ ቆምሁ... ምን ያህል እንደቆምሁ እንጃ።

«መቀስ ይዘው ምን ያደርጋሉ?» ተናኘወርቅ ከኋላዬ።

«ጌሾ» አልሁ።

ከዚያ ምን ላድርግ? ሄጄ ጌሾውን ቆረጥሁ። ተክል አይቆረጥም የምለው ሰው! ምስኪን ጌሾ። ምን አጠፋ?

ግንቦት 12

በረዶ ጣለ። እንደ ሽምብራ። ቆርቆሮው ሲንኳኳ ከወንበሬ ብድግ አልሁ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እግዜር ራሱ ከመሐላዬ ሊያወጣኝ በረዶ ላከ አይደል? ቁጭ ብዬ ማየት ነው እንጂ። ግን እግሬ አልሰማኝም። ጥላዬን ነጥቄ ወጣሁ፤ አንድ ጫማ ብቻ አድርጌ። ከዘለላዎቹ በላይ ጥላውን ዘርግቼ ቆምሁ። ጥላው ለግማሿ እንኳ አይበቃም። የኔ ራስ ደግሞ ከውጭ ነው።

ተክላይ በመስኮቱ ዘሎ መጣ። ካፖርት ይዟል፤ አንድ እጅጌ የሌለው። በሌላው ወገን ዘረጋው።

«አቦይ፣ ብትመታ ይሻልዎት አልነበረም?»

«ዝም ብለህ ያዝ!»

«ካፖርቱ የዳኛ ነው።»

«ዳኛው እዚህ ነው ያለው?»

«የለም።»

«ዘርጋው እንግዲህ!»

ሩብ ሰዓት ያህል እንዲህ ቆምን። አንድ ጊዜ ብቻ «ክንድዎ ደከመ፣ ልያዝልዎ» አለኝ። አልሰጠሁትም። ሁለት ዘለላ ረገፈ። ዘጠኝ ተረፈ። ተናኘወርቅ ከበሩ ላይ ቆማ ስታየን ነበር። ፎጣ ሁለት አመጣች። ሳቋን እንደያዘች ከትከሻዋ ያስታውቃል።

ግንቦት 13

ጉንፋን ያዘኝ። ተክላይንም ያዘው። ደግ።

ሰኔ 9

ፍሬው ባቄላ አክሏል። ሽኩር ሊመሰክር መጣ። ማንም አልጠራውም።

«አፈራ እኮ ባላምባራስ።»

«ያልበሰለ ፍሬ ፍሬ አይባልም።»

«አሃ። እንግዲህ ያልበሰለ ልጅም ልጅ አይባልማ። የኔዎቹን ምን ልበላቸው?»

ተክላይም ቀስ ብሎ በሩ ላይ መጣ። ኮፍያውን በእጁ ያዞራል። «አቦይ፣ መሐላውን ይተዉት። ይቅርታ። መስኮቱን እኔ ራሴ እደፍነዋለሁ።» ፈርቷል! እኔን ነው የፈራው ወይስ «እርስዎ»ን?

«የጃንሆይ ስም አይታጠፍም» አልሁት።

«ንስሐ አባትዎ ይፈቱዎታል።»

«ያሰረኝ እሳቸው ናቸው?»

ሰኔ 26

በሰለ። ብቻዬን በማለዳ አንዷን ቀመስሁ። ምናልባት ይመጥጣል ብዬ ነበር... አልመጠጠም። ማር። ሁለተኛ ቀመስሁ። ሦስተኛ። ለተናኘወርቅ ሰጠኋት። ዓይኗን ጨፍና በላች። ነገር ሳትወረውር ስትበላ በሠላሳ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋ ነው።

ልብሴን ለበስሁ። ባርኔጣዬን አደረግሁ። ሁለት ዘለላ በሳህን ይዤ ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ ሄድሁ። ሱቁ በደንበኛ ሞልቷል። በሩ ላይ ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

«ጋሼ ተክላይ፣ እንደምን አደሩ?»

የስፌት መኪናው ቆመ። ጣታቸውን መርፌ ወጋቸው። ጠረጴዛው ሥር ገቡ።

«ዕቃ ወደቀብዎት ጋሼ?»

«አቦይ፣ በማርያም...» ከጠረጴዛው ሥር።

«ይህን ይቅመሱልኝ። ካጥር ወዲህ የበቀለ ነው።»

አንዱ ደንበኛ፣ ጸሐፊ ነገር ነው፣ ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛው ሥር አየና «ለመሆኑ ዕድሜዎ ስንት ነው?» አላቸው።

ሐምሌ 20

ሰፈሩ አብዷል። ከውቤ በረሃ የሚመጣ ሁሉ በሱቁ በር ራሱን አስግጎ «ጋሼ ተክላይ፣ በምኒልክ ዘመን ሱሪ እንዴት ነበር የሚሰፋው?» ይላል። ጋሼ ተክላይ ከስተዋል። ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። እኔ ደግሞ እጮህባቸዋለሁ፤ ሰላምታ ሳልሰጥ ለማለፍ አልማልሁም።

ኅዳር 5 ቀን 1949 ዓ.ም.

ሽኩርና የሺ መጡ። ሽማግሌ ተብለው። የሺ ማልቀስ ጀምራለች፤ ይህች ሴት መቼ ይደርቅላታል?

ነገሩ ወዲህ ነው። ጋሼ ተክላይ ሰናይት የምትባል ልጅ ሊያገቡ አማላጅ ልከው ነበር። ቤቷ ከአራት ኪሎ በላይ ነው። እናቷ ስታጠያይቅ ከገበያ ላይ ሰማች። «ባላምባራስ ሀብተሥላሴን የሚያህል ሽማግሌ ጋሼ የሚለው ሰው ዕድሜው ስንት ቢሆን ነው? ልጄን ለመቃብር አልድርም» ብላ አማላጆቹን መለሰች።

«ባላምባራስ» አለ ሽኩር። ዛሬ አልቀለደም። «ልጁ እህል አይቀምስም። ይተዉት።»

«አልተውም።»

«ልጅቷ ትቀርበታለች!»

«መሐላ መሐላ ነው።»

እያለቃቀሱ ሄዱ። ተናኘወርቅ እራት አቀረበችና አጠገቤ ተቀመጠች። አልበላችም። «ያን ቀን በበረዶው ውስጥ ክንድዎን ሊይዝልዎ ነበር» አለች። ያችን ብቻ።

ተነሥቼ ካባዬን ከሣጥን አወጣሁ።

ኅዳር 7

ካባዬን ለብሼ የሰናይት እናት ቤት ሄድሁ። ብቻዬን። ወንበር ሰጠችኝ። ተቀመጥሁ።

«ስለ ጋሼ ተክላይ ልመሰክር ነው የመጣሁት» አልሁ። «ጋሼ ተክላይ ልጅ ናቸው።»

«እንዴት?»

«ገና ሠላሳ አልሞላቸውም። ልጅ አዝዬ ባሳድግ ኖሮ እሳቸውን አዝዬ ባሳደግኋቸው ነበር። እጃቸው ንጹሕ ነው። በበረዶ ውስጥ ለሰው ተክል የሚቆሙ ሰው ናቸው። ደግሞ መስኮት ዘለው ነው የመጡት፤ ሽማግሌ መስኮት ይዘላል?»

ሴትዮዋ አፏን ከፍታ አየችኝ። «ልጅ ከሆነ ለምን አንተ አይሉትም?»

«ወይኔ አፈራች» አልሁ።

እሷም የምታለቅስ መሰለኝ። ሳቅ ነው ለካ። ከጓዳ ሌላ ሳቅ ተሰማ፤ ልጅቷ ናት። ከዚያ ሁሉን ከመጀመሪያው አስነገሩኝ። ለቅሶውንም። በጣም አሳፋሪ ነበር። ሦስት ሰዓት ፈጀ። ስወጣ እናትየው እስከ በር ሸኘችኝና «እሺ። ልጄን ለጋሼ ተክላይ ሰጥቻለሁ» አለች።

ጥር 15

ጋሼ ተክላይ ወይኗን ሊቆርጡ መጡ። እኔ ነኝ የጠራኋቸው፤ ሰርጋቸው ከመድረሱ በፊት ይድረስልኝ ብዬ። መሰላሉን ያዝሁላቸው። ሲቆርጡ ዓይኔን አልጨፈንሁም። እዚያ ጋ አንድ ቡቃያ ይተዉ አልኋቸው። ልክ ነዎት አቦይ አሉኝ። መስኮታቸው እንደገና ታየ። ውስጥ የሙሽራ ልብስ ተሰቅሏል። ሁለቱም እግር ልክ ነው፤ አየሁት።

ከመሰላሉ ሲወርዱ «አሁንስ አመኑ አቦይ? ካልተከረከመ እንደማያፈራ?» አሉኝ።

ያፈራችው በንዴት ነው። እኔ ብሆንም አፈራ ነበር።

ስለ ወይኑ፣ ስለ መቀሱ፣ ስለ ለቅሶው ከዛሬ ወዲያ አንዲት ቃል ከአፌ አትወጣም። ሽኩር ቢጠይቀኝ አልሰማሁም። ተናኘወርቅ ብትጠይቀኝ ተኝቻለሁ። ጋሼ ተክላይ ቢጠይቁኝ፣ በአክብሮት፣ ዝም እላቸዋለሁ።