የመጨረሻው ፌርማታ ባሕር ነው

የካቲት 3

እኔ፣ በሙሉ ጤንነቴ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በዚህች ጀልባ ላይ የተፈጸመውን ከባድ ወንጀል እናዘዛለሁ፦ ማርማላታውን የጨረስኩት እኔ ነኝ። ለጉዞው በሙሉ ይበቃል ተብሎ የተገዛ ነበር... ጉዞው የጀመረው ዛሬ ጠዋት ነው። አክስቴ አይጥ ገብቷል ብላ ፍራሽ ሁሉ ገልብጣ ፈተሸች። እኔም አብሬ ፈለግኩ። ከልቤ ነው የፈለግኩት፣ አልጋ ሥር ሳይቀር።

ለማንኛውም ተነስተናል። ሦስት ነን፤ አያቴ፣ አክስቴና እኔ። አያቴ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ጡረታ ሲወጣ ይህችን ጀልባ ግቢያችን ውስጥ ሠራ። ሠራ ስል... አውቶቡሱን ውሃ ላይ አወጣው ብል ይቀላል። ወንበሮቹ የአውቶቡስ፣ ጥሩምባው የአውቶቡስ። ከመሪው በላይ «ከሹፌሩ ጋር ማውራት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ሰቅሏል። የሱ የራሱ አፍ ግን ከጠዋት ጀምሮ አልተዘጋም።

«ረዳት፣ በሩን ዝጊ።»

በር የለንም። ረዳት የሚለው እኔን ነው።

የምንሄደው ወንዙ ባሕር እስኪገባ ድረስ ነው። «የመጨረሻው ፌርማታ» ይለዋል። እናቴ አልመጣችም። የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ስታይ ራሱ ያዞራታል።

የካቲት 4

አጎቴ ደወለ። በየምሽቱ ሊደውል ነው አሉ። የሚሠራው ኢንሹራንስ ነው፤ ዓለምን የሚያያት ልትገለበጥ ትንሽ እንደቀራት መኪና ነው። ከአያቴ ጋር ቃል ተገባብተዋል፦ ጀልባዋ አንዴ አሸዋ ላይ ተቀምጣ ጎታች ጀልባ ከተጠራ ጉዞው እዚያው ያበቃል፣ እሷም ትሸጣለች። በሰላም ከደረሰች ግን አጎቴ ሁለተኛ የመሸጥ ወሬ አያነሳም። ወደቡ ላይ ራሱ ቆሞ ይጠብቀናል።

«አባባ፣ በዚህ ዕድሜህ እኮ...»

«በዚህ ዕድሜዬ ምን? አንተን ትምህርት ቤት ያመላለስኩህ በዚሁ እጄ ነው።»

ስልኩ ሲዘጋ ግን መሪውን በጨርቅ ወለወለው። ንጹሕ ነበር እኮ።

የካቲት 6

ውሃው ጎድሏል። ስለዚህ ከፊት ቆሜ ረጅም ዘንግ እየነከርኩ ጥልቀቱን እናገራለሁ። ዘንጉ ላይ ቀለም ተቀብቶ ነበር፦ ውሃው ቀዩ ላይ ከቆመ ቁም፣ ቢጫው ላይ ከደረሰ ቀስ በል፣ አረንጓዴው ላይ ከደረሰ ንዳ። የአያቴ ፈጠራ። ውሃ ላይም የትራፊክ መብራት ካላየ አይሆንለትም።

ነበር ነው ያልኩት። አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ እርስ በርሱ የማይሄድ ነገር ካየች ዕረፍት የላትም። ትናንት እኛ ስናሸልብ ዘንጉን ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ ቀባችው። ከመጋረጃው ጋር እንዲሄድ።

«አምሮበታል አይደል?»

አያቴ ዘንጉን አየ። መጋረጃውን አየ። «በጣም አምሮበታል» አለ። «ስንሰጥም ከመጋረጃው ጋር ተመሳስለን ነው።»

እኔ መላ መታሁ። ዘንጉን አውጥቼ አጠገቤ አቆመዋለሁ። እርጥበቱ ገላዬ ላይ እስከየት እንደሚደርስ አይቼ እጮሃለሁ። ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ወገብ፣ አገጭ። ከጉልበቴ በታች ከሆነ ጀልባዋ አሸዋ ላይ ትቀመጣለች። ቀኑን ሙሉ «ወገብ! ወገብ! አገጭ!» ስል ዋልኩ። ዳር ላይ ዓሣ የሚያጠምድ ሰውዬ አክስቴን ጠየቃት፦ «ልጅቷን ምን አመማት?»

የካቲት 8

ዛሬ አያቴ ለግንድ ጥሩምባ ነፋ። ተንሳፍፎ ለሚመጣ ግንድ። ዝም ሲለው ተቀየመ። «ሰላምታ እንኳ የማያውቅ» አለ። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

ከሰዓት ፀሐይዋ ፊት ለፊት መጣች፣ ውሃው መስታወት ሆነ። አያቴ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ሌላውን። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ «ረዳት፣ ያ ነጭ ነገር ምንድነው?»

ነጭ ነገር አልነበረም።

ሳቄ ጠፋ።

ምሽት ላይ አጎቴ ሲደውል እኔን ፈለገ። «እውነቱን ንገሪኝ፣ አያትሽ በደንብ ያያል?» አያቴ እዚያው ገመድ እየጠቀለለ ነበር። እጁ ቆመ።

«ያያል እንጂ» አልኩት። «ለሌላ ሰው የማይታየው ሁሉ ነው የሚታየው።»

ውሸት አይደለም። ...ነው እንዴ?

የካቲት 9

ጠየቅኩት። «አባባ፣ ከሰዓት ከሰዓት እኔ ልንዳ?»

ሰሌዳውን በጣቱ አሳየኝ።

«ይሄ ወሬ አይደለም፣ ልመና ነው።»

«ልመናም ክልክል ነው።»

ግትር ሽማግሌ። እናቴ በሱ ወጣች፣ እኔ በእናቴ። እንዲህ ሆነን የት እንደርሳለን?

ቆየት ብሎ ግን፣ ሻይ እየጠጣን፣ ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ፦ «መሪ ያስረከበ ሹፌር ተሳፋሪ ነው። ተሳፋሪ ደግሞ ዛሬም ይሁን ነገ ወራጅ ነው።» ምን ይባላል? ማርማላታ ቢኖረኝ እሰጠው ነበር።

አክስቴ ሰምታለች። ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ «ነይ፣ ቀጥ ብለሽ ቁሚ» አለችኝ። ልክ ቀሚስ እንደምትሰፋልኝ ጉልበቴን፣ ወገቤን፣ አገጬን ለካች። ከዚያ ዘንጉ ላይ ጨርቅ እየጠቀለለች ሰፋች። ጉልበት ጋ አንድ ቋጠሮ፣ ወገብ ጋ ሁለት፣ አገጭ ጋ ሦስት። ሰማያዊ ጨርቅ፣ እንግዲህ ምን ይደረግ።

የካቲት 10

ነፋስ የለም፣ ወሬ የለም፣ ማርማላታ የለም።

የካቲት 12

ይህን የምጽፈው ገና መሪውን እንደለቀቅኩ ነው። ጽሑፌ ካልተነበበ ለዚያ ነው።

ከሰዓት ወንዙ ለሁለት ተከፈለ፣ መሐሉ የአሸዋ ደሴት። ፀሐይዋ ፊት ለፊት። አያቴ ሞተሩን ቀነሰ። ከዚያ አጠፋው። ውሃው ቀስ እያለ ወደ አሸዋው ይወስደን ጀመር። ዞር ብዬ ሳየው መሪውን ጨምድዶ ይዟል።

«ረዳት...» አለ ዝግ ብሎ። «አይታየኝም። መንገዱ የቱ ጋ ነው?»

ይህ ሰው መንገድ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። ሲጠፋበት እንኳ የሚወቅሰው መንገዱን ነበር።

አክስቴ ስልኩን አነሳች፣ ጎታች ልትጠራ። አያቴ ተመለከታት። አልተቆጣም። እሱ ነው ያስፈራኝ።

ዘንጉን ሰጠሁት። እጁን ይዤ ጨርቁ ላይ አኖርኩለት። «ይኸው ጉልበቴ። ይኸው ወገቤ። ለዚህ ዓይን አያስፈልግም።»

ዳሰሰው። አንዴ፣ ደገመው። ከወንበሩ ተነሳና «ንጂ እንግዲህ» አለ። ወደ ፊት ሄደ።

ወንበሩ ገና ሙቅ ነበር። ሞተሩን አስነሳሁ። በቀኝ ያለው ሰፊ ነው፤ ግን መሐሉ ላይ ወፎች ቆመዋል፣ ውሃው ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ። በግራ ያለው ጠባብ፣ ጥቁር። ወደ ግራ ጠመዘዝኩ።

«ወገብ!» አለ አያቴ ከፊት። «ወገብ... ጉልበት። ጉልበት፣ ቀስ በይ...» ዘንጉን ደግሞ ነከረ። ከሥራችን አሸዋው ሸሸሸ ሲል ተሰማኝ። አክስቴ ዓይኗን ጨፈነች። መሪውን ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ፣ ወደ ጥቁሩ ውሃ መለስኩት።

«ወገብ። አገጭ። ኧረ ከአናትሽም በላይ ነው!»

የመናኸሪያ ድምፅ። እሱ ከፊት ቆሞ ይጣራል፣ እኔ ከኋላው እነዳለሁ... ኮራሁ። በራሴ? በሱ? ለመለየት ጊዜ አልነበረኝም፣ እየነዳሁ ነበር።

አክስቴ ስልኩን ኪሷ ከተተችው። «ለነገሩ ቻርጅ የለውም» አለች።

የካቲት 13

ስነዳ አክስቴ መጥታ ስለ አዲስ መጋረጃ ታወራኝ ጀመር። አያቴ ከፊት ተመልሶ መጣ። ሰሌዳውን በጣቱ አሳያት።

የካቲት 15

ደረስን። ባሕሩ... ሰፊ ነው። ሌላ ምን ይባላል።

አያቴ ከፊት ቆሞ «መጨረሻ፣ መጨረሻ፣ ዕቃችሁን እንዳትረሱ» እያለ፣ እኔ ጥሩምባ እየነፋሁ ገባን። አጎቴ ክራቫቱን አስሮ ወደቡ ላይ ቆሟል። መጀመሪያ ጀልባዋን አያት፣ ጭረት ፍለጋ። አጣ። ከዚያ መሪው ላይ እኔን አየ።

«ማነው የነዳት?»

አለቀልን አልኩ በሆዴ። ምን ብዬ እንደማድነው እያውጠነጠንኩ ሳለ አያቴ ገመዱን አሰረና ቀና አለ።

«ጠዋት ጠዋት እኔ። ከሰዓት እሷ። ከሰዓት አላይም።» ጮክ ብሎ፣ ሰው ፊት። «ጎታች ተጠርቷል? አልተጠራም። ቃል ቃል ነው።»

አጎቴ ክራቫቱን አላላ። «ዓይንህን መታከም አለብህ፣ አባባ» አለ።

«እታከማለሁ። እስከዚያ ዓይን አለኝ።» በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ።

መሪውን በጨርቅ ወለወልኩት። ንጹሕ ነበር።

የካቲት 16

ዛሬ የመልስ ጉዞ ነው። አጎቴ በመኪና ይመለሳል፤ ውሃና ደንበኛ አይታመኑም ብሏል። ስንቅ ግን ገዝቶልናል፣ አዲስ ማርማላታም አለበት። አክስቴ አይጡን ፈርታ ከፍ አድርጋ አስቀመጠችው። ምስኪን አይጥ። ይህን የምጽፈው ከኋለኛው ወንበር ጀርባ ተቀምጬ፣ ማንኪያውን በግራ እጄ ይዤ ነው። አንድ ማንኪያ ብቻ ነው፣ ለመቅመስ ያህል... ሁለት። ጀልባዋ ተወዛወዘች፣ ሰው ገብቷል መሰለኝ...

«ሹፌር!»

ራሱን የሚጠራ መስሎኝ ዝም አልኩ። ቀና ስል አያቴ ከበላዬ ቆሞ ጠርሙሱን ያያል። ይህ እንኳ አላመለጠውም።

«ሹፌር፣ አፍሽን ጥረጊና ነይ። አጎትሽ ተሳፍሯል።»