ከኔ ደም ይሆን?

ጥቅምት 6
ብርድ። ሞላሌ በጥቅምት እንዲህ ካረገችን ኅዳር ላይ ምን ልንሆን ነው? ስድስት ክፍለ ጊዜ አስተምሬ ድምፄ ተዘጋ። ልጄ ጽናት ዛሬም የሱፍ ባናዋን ገፍፋ ጣለች። ሱፍ ገላዋን ከነካት ለቅሶ ነው። አማቴ እማማ ሸዋረጋ አሮጌ ነጠላቸውን ቀደው ገበር ሰፉበት... ወዲያው ተጠቀለለችበት። አምስት ዓመት ሞላት። ቃል ገና የለም። ኦቲዝም ነው ካሉን ሁለት ዓመት።

ጥቅምት 9
አርግዣለሁ። ሁለት ወር። ለባሌ ለታዲዮስ ብቻ ነገርኩት። ሳቀ፣ ከዚያ ዞር ብሎ ጽናትን አያት። ገባኝ። ይሄኛውም እንደ ጽናት ቢሆንስ?

ጥቅምት 14
ምነው ስልኬን ከፍቼ ያንን የጥናት ዜና ባላነበብኩ። በአንዳንድ እናቶች ደም ውስጥ ያለ ፀረ እንግዳ አካል በእርግዝና ጊዜ ወደ ፅንሱ አልፎ አንጎሉን ሊነካ ይችላል ይላል። ለአንዳንድ ልጆች ኦቲዝም አንዱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም... እኔ የባዮሎጂ አስተማሪዋ! የእናት ፀረ እንግዳ አካል ሕፃኑን ከበሽታ ይጠብቃል ብዬ ስንቴ ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። እና እኔ ነኝ?

ጥቅምት 15
መጻፍ አላሰኘኝም።

ጥቅምት 21
ደብረ ብርሃን ላለው የጽናት ሐኪም ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት። ጥናቱ አለ፣ ግን ገና ያልተቋጨ ነው አለኝ። እውነት ቢሆን እንኳ በአንዳንድ እናቶች ላይ ብቻ ነው። የኔ ይሁን አይሁን እሱም አያውቅም፤ እርግጡን የሚነግር ምርመራ በእጁ የለም። ክትትሌን እንዳላቋርጥ መከረኝ። ሊዘጋ ሲል፦
«ምክንያት መሆንና ጥፋተኛ መሆን ይለያያሉ፣ መምህርት። ደምዎን እርስዎ አላዘዙትም።»
ቀለል አለኝ። ትንሽ።

ኅዳር 3
ከእማማ ጋር ሱፍ ስናፍታታ ከአፌ አመለጠኝ። የጽናት ነገር ከኔ ደም ሊሆን ይችላል አልኳቸው። እርግዝናዬን ግን አልነገርኳቸውም። እጃቸው ቆመ።
«ያንቺ አይደለም ልጄ። የኔ ነው።»
ለካ ጽናትን አርግዤ ሳለሁ፣ በሰላም ከተገላገለች ብለው ለሚካኤል ጥላ ተስለው ኖሯል። ሰኔ ላይ ተወለደች፤ ወንዙ ሞላ፤ ወደ ሚካኤል መሻገር አልተቻለም። ስለት አይደር ብለው ጥላውን ወዲህ ማዶ ላለው ለገብርኤል አስገቡት። ይኸው አምስት ዓመት ሙሉ ሚካኤል ተቀይሞኝ ነው ሲሉ ኖሩ። ለማንም ሳይተነፍሱ! አንጀቴን በሉት።
መላእክት በጥላ ይጣላሉ እንዴ ብላቸው ሊቆጡኝ አሰቡና ሳቅ ቀደማቸው። ከዚያ እኔ ነኝ፣ የለም እኔ ነኝ... ጥፋት የሚሻሙ ሁለት ሴቶች። ጽናት መጥታ መሃላችን ገባች፤ እሷም ትስቃለች። ሐኪሙ ያለኝን ነገርኳቸው። አፉ ይባረክ አሉ።

ኅዳር 12
ሚካኤል። እማማ «ለማንኛውም» ብለው አዲስ ጥላ አስገቡ። ወንዙ ጎድሏል፤ በድንጋይ በድንጋይ ተሻገርን። ስንመለስ እርግዝናዬን ነገርኳቸው። ጥላ ያስገቡት እግዜር አውቆ ነው አልኩ በሆዴ፤ ለዚህኛውም አሁኑኑ ይሳላሉ። እሳቸው ግን ከፊታችን የምትሄደውን ጽናትን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦
«በሰላም ገላግላት እላለሁ። እንደሷ አይሁን ብዬ ግን አልሳልም። ትሰማኛለች።»
አንድ ወር ሙሉ ጠዋት ማታ ስጸልይ የከረምኩት ያንኑ ነበር፤ እንደሷ አይሁን እያልኩ፣ አጠገቧ ቆሜ። ከዛሬ ጀምሮ ትቻለሁ።