የነጩ ጎሽ ዕቁብ

ጥቅምት 8

ዛሬም ጎሹ የለም። ቀኑን ሙሉ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ለሙሽሮች ቀለበት ሳስሞክር ዋልኩ… አንዷም አልገዛችም። ጋሽ ነጋሽ፣ የወርቅ ቤቱ ባለቤት፣ «ፈገግ በይ እንጂ ሐሴት፣ ፊትሽ ገበያ ያባርራል» ይሉኛል። እግሬ ከኔ ጋር አይደለም፣ በምኔ ፈገግ ልበል?

አክስቴ ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኬን ከፈትኩ። ከሁለቱ አብሮ አደጎቼ ጋር በምንጫወተው ጌም ውስጥ የኔ ድርሻ የወንዙ ዳር ነው። ተራራው የገነነ ድርሻ፣ ረግረጉ የሶሲ። ነጩ ጎሽ በዚያ ሁሉ ሜዳ የት ብቅ እንደሚል፣ መቼ ብቅ እንደሚል ማንም አያውቅም። ዞርኩ፣ ዞርኩ… ተኩላ ብቻ። ተኛሁ።

ጥቅምት 11

ይሄን ዕቁብ ማን ነበር ያመጣው? ገነነ መሰለኝ። ጎሹ ሲገደል የሚጥለው ቀንድ አንድ ነው፣ እኛ ሦስት። ቀንዱን ያገኘ ሰው ክንፍ ያለው ፈረስ ይሰጠዋል። «ከምንጣላ ዕቁብ እንግባ» አለ፣ ዕጣ ጣልን። መጀመሪያ ለሶሲ ወጣ፣ ቀጥሎ ለራሱ። እኔ የመጨረሻ። ዕድሌን ስለማውቀው አልገረመኝም። ሕጉም የኛው ነው፤ ያየ ሰው ቴሌግራም ላይ ይጠራል፣ ሌሎቹ እስኪደርሱ አይነካውም። ማዕድ ቀርቦ ሰው ሳይሟላ እጅ አይሰደድም አይደል? እንደዚያ።

ሁለቱ ወስደው ጨርሰው ከላይ ከላይ ይበራሉ። አሁን የሚፈልጉት ለኔ ነው። እኔ ታክሲ አጥቼም በእግሬ፣ ጌሙም ውስጥ በእግሬ።

ጥቅምት 19

መብራት የለም። ስልኬ ዘጋ። ተመስገን፣ ዛሬ አረፍኩ።

ጥቅምት 24

ከሥራ ስወጣ በድሮው ግቢያችን በኩል አለፍኩ። ግቢ የለም እንግዲህ፣ ሰፊ የእግረኛ መንገድና አበባ ነው። ያምራል፣ አላማም። በራችን የነበረው የቱ ጋ እንደሆነ ግን ጠፋኝ።

ሦስታችንም እዚያ ነው ያደግነው፣ በአንድ ቧንቧ። አሁን ገነነ ከእናቱ ከእማማ በለጠች ጋር ከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም፣ ሶሲ በሌላው ጫፍ፣ እኔ ሥላሴ ጀርባ አክስቴ ጋ። ከተነሣን ወዲህ በአካል ተያይተን እናውቃለን? አንዴም። «እንገናኝ» እንላለን። ሰልፉ፣ ታክሲው፣ ድካሙ… በየምሽቱ ጎሽ ፍለጋ እየተገናኘን አይደል፣ ምን ለየው ብዬ ነበር።

ጥቅምት 30

ጨስኩ። ሶሲ የድምፅ መልእክት ስትልክ አመለጣት። «ገነነ ባለፈው ተራራው ላይ አይቶት የለ እንዴ… ውይ።» ውይ ማለት ምን ማለት ነው? ደወልኩለት።

«ጎሹን አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ስንቴ?»

«አልቆጠርኩም።»

«እኔ ወገቤ እየተቆረጠ ስፈልግ… ተራዬን በላህ ማለት ነው?»

«አንቺ ከወሰድሽ ዕቁቡ አለቀ እኮ ሐሴት። ከዚያ ምን ብለን እንገናኛለን?»

ዘጋሁበት። ሰው የጓደኛውን ዕቁብ ይበላል? ሶሲም ታውቅ ነበር፣ አፏን ይዛ። ሠላሳ አልፎኝ ለጎሽ አለቀስኩ።

ኅዳር 3

አኩርፌ ጌሙ ውስጥ አልገባሁም። ጋሽ ነጋሽ «ማን አስቀየመሽ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው… ጎሽ ልበላቸው?

ኅዳር 5

በምሳ ሰዓት ሶሲ ጠራች። «ረግረጉ ላይ ነው፣ ቶሎ ነይ፣ አልነካሁትም።» ኩርፊያዬን ረሳሁት። የያዝኩትን ሳምቡሳ አስቀምጬ ሱቁ ጓሮ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ገባሁ። ገነነም ደረሰ። ከጎኔ ቆመ። ጎሹ ሣሩን ይግጣል… እንዴት እንደሚያምር ረስቼው ነበር። ሦስታችንም ወረድንበት። ብዙ ታገለን፣ ወደቀ። ቀንዱ የኔ ሆነ።

«እንኳን ደስ አለሽ» አለ ገነነ ቴሌግራሙ ላይ።

«እንኳን አብሮ ደስ አለን» አልኩት፣ ለወጉ።

«በቃ ጨረስን» አለች ሶሲ።

ሳምቡሳው ቀዝቅዞ ጠበቀኝ።

ኅዳር 9

በረርኩ። ወንዙ ከላይ ሲታይ ለካ ትንሽ ነው። ሁለቱም የሉም።

ኅዳር 14

የሉም። ቴሌግራሙ ላይ የመጨረሻው ቃል ያው የሶሲ ነው፣ ከሱ በታች ማንም አልጻፈም። እኔስ? ምን ብዬ ልጻፍ?

ገነነ ልክ ነበር። ይሄ ደግሞ ከሁሉ በላይ ያናድዳል። የሚያደክመኝ ፍለጋው መስሎኝ ነበር… ፍለጋው ቀረ፣ እኔ ያው ድክም ብሎኛል። ናፈቁኝ በቃ። ሁለቱም።

ኅዳር 17

ከሥራ ወጥቼ፣ መንገድ ዳር ቆሜ፣ ለገነነ ደወልኩ። እሁድ ቤታችሁ ልመጣ ነው አልኩት።

ድምፁ ተለወጠ። «ማን ሞተ?» አለኝ።

«ማንም።»

«ሐሴት፣ አትደብቂኝ። አክስትሽ ናቸው?»

«ማንም አልሞተም እያልኩህ። ልመጣ ነው፣ ላያችሁ።»

አጥር ተደገፍኩ። በስልኩ ከገነነ ጀርባ እማማ በለጠች ሲጮኹ ይሰማኛል፤ «ማናት? ማን ሞተ?» እሱ «ማንም እማዬ፣ ሐሴት ናት፣ ልትመጣ ነው» ይላቸዋል። አላመኑትም፣ ስልኩን ነጠቁት።

«እውነትሽን ነው ልጄ? እንዲሁ ዝም ብለሽ?»

«ዝም ብዬ እማማ» አልኳቸው።