ቀለሙ ብብቴ እስኪደርስ

ሰኞ
ነገ ጡቴ ላይ ሰማያዊ ቀለም ይወጉኛል። ሐኪሙ በእስክሪብቶ ሥሎ አስረዳኝ፦ ቀለሙ በቀጫጭን ቧንቧዎች ወደ ብብቴ ይሄዳል፤ መጀመሪያ የደረሰበት ንፍፊት ሰማያዊ ይሆናል። ካንሰሩ ከጡቴ ወጥቶ እንደሆነም መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያው ነው። ያን አውጥተው ይመረምሩታል። ንጹሕ ከሆነ ሌሎቹን አይነኩም። ካልሆነ... እስክሪብቶው እዚህ ላይ ቆመ።

የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። የተፋሰስ ካርታ ስሥል ኖሬ፣ ተፋሰሱ እኔ ስሆን አላማረኝም።

አባባ ከሐይቁ ማዶ፣ ከቁንዝላ በጀልባ መጡ፤ ጸበል በጀሪካን ይዘው። መሪጌታ ናቸው፣ ባዶ እጃቸውን አይመጡም።

ማክሰኞ
ቀዶ ጥገናው አልተሠራልኝም። ምንም እንዳልቀምስ ተነግሮኝ ነበር። ጠዋት አባባ ጸበል አጠጡኝ። ጸበል የሚጠጣው በባዶ ሆድ ስለሆነ፣ ባዶ ሆዴን ነኝ ብዬ አመንሁ። ዲግሪ አለኝ።

የማደንዘዣ ባለሙያዋ የቀመስሁት ነገር እንዳለ ስትጠይቀኝ የለም አልሁ። አባባ ከበሩ ላይ በኩራት አገዙኝ፦ «ኧረ ምንም! ጸበል ብቻ፣ ሦስት ጣሳ።»

ልጅቱ መርፌውን አስቀመጠች። «አባቴ፣ ሆድ ሲገባ ውሃ ነው እኮ። ተኝታ ወደ ሳንባዋ ቢመለስስ?»

አባባ ብዙ አሰቡና «እሱንስ አላሰብነውም» አሉ።

ለሐሙስ ተቀጠርሁ። ተጨማሪ ፍርሃት፣ በነጻ።

ረቡዕ
ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ብብቴን ስዳብስ ዋልሁ። ያላገኘሁት ነገር የለም። ከሰዓት በኋላ አጥንቴም ንፍፊት መሰለኝ። ሁሉንም ካወጡ ክንድ ሊያብጥ እንደሚችል አነበብሁ። ማንበብ ማቆም አለብኝ።

ዓርብ
ትናንት ተሠራልኝ። ሽንቴ አረንጓዴ ነው። በቀለሙ ምክንያት እንደሆነ ነግረውኝ ነበር፤ ቢሆንም ጮህሁ። አባባ ሮጠው መጡ። አላሳየኋቸውም።

ሰማያዊ የሆኑት ሁለት ናቸው። ለምን ሁለት? ሐኪሙ «ያጋጥማል» አለ። ምን ማለት ነው፣ ያጋጥማል?

ሌላ ሰኞ
ውጤት። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ «አንደኛው ንጹሕ ነው» አለ። አባባ «ተመስገን!» ብለው ተነሡ።

«መሪጌታ፣ ትንሽ ይቆዩ» አለ። ሁለተኛው ላይ የሚያጠራጥር ነገር አይተዋል፤ እንደገና ቆርጠው ያዩታል። ዓርብ ይነግሩናል።

ውጭ ባጃጅ ስንጠብቅ አባባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ ለአንዱ ላመስግን ወይስ ልቆይ?»

በእንዲህ ያለው ነገር እኔን ጠይቀውኝ አያውቁም። አላውቅም አልኋቸው። እጄን ያዙኝ፤ ባጃጁ መጥቶም አልለቀቁኝም።