የቁም ሳጥኑ ቁልፍ

ውድ እማማ፣

ይህን ፖስታ ሲያዩ “ስልክ ያለው ሰው ምን ወረቀት ያስፈጀዋል?” እንደሚሉ አውቃለሁ። በቪዲዮ ደውዬ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነበር፤ ልጅዎ ግን “አንተና ዋይፋይ አትተማመኑም። ይቅርታህ መሀል ላይ ተቆርጦ ሌላ ጠብ ይሆናል፤ በወረቀት ጻፈው” አለችኝ። ከሄዱ ወዲህ ይህን ያህል ረጅም ነገር ስትነግረኝ የመጀመሪያዋ ነው።

ከመጀመሪያው ልናዘዝ። ልጅዎ እስክትወልድ አብረውን ሊቆዩ በሚመጡበት ዋዜማ፣ ዋይፋዩን ከጠረጴዛ አንሥቼ የብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። እርጥብ ጨርቅዎን ፈርቼ ነው። ባለፈው ሲመጡ ሬዲዮኔን አጥበው እንደገደሉት አልረሳሁም። እንደዚያ ንጹሕ ሆኖ እንደማያውቅም አልክድም።

ከማግሥቱ ጀምሮ ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሥራዬን ያውቃሉ፤ ቤቴ ቁጭ ብዬ በኮምፒዩተር የአውቶቡስ ተሳፋሪዎችን ቅሬታ እሰማለሁ። አንዱ “ሻንጣዬን ስከፍተው...” ይልና ይጠፋል። ተመልሶ ሲመጣ “ታዲያ ፍየሏ የማን ናት?” ይለኛል። ምን ልበለው? ኮምፒዩተሩን አጥፍቼ አበራሁ። የይለፍ ቃሉን ሁለቴ ቀየርኩ። ወንበሬን ተሸክሜ ከመስኮት መስኮት ዞርኩ። ልጅዎ አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከተሳፋሪ ጋር ስከራከር አግኝታኛለች። የቁም ሳጥኑን በር ደግሞ ጠዋት ጠዋት ገርበብ ብሎ አገኘዋለሁ። ቁልፉን ከስኳሩ ዕቃ ጀርባ ብደብቀውም ያው ነው። እያጉረመረምኩ መልሼ እቆልፋለሁ።

ያን ሐሙስ በመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ መሀል ሰዉ ሁሉ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ። ዘወር ስል እርስዎ የቁም ሳጥኑን በር ይዘው ቆመዋል። እጅ ከፍንጅ የያዝኩዎ መሰለኝ።

“ልጄ፣ ይቺ ዕቃ ታፍና ትግላለች። ትንሽ አየር ታግኝ ብዬ ነው።”

“እርስዎ እዚህ ቤት ከገቡ ጀምሮ ሰላም የለኝም” አልኩዎ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ኔትወርኩ የተመለሰውም በዚያችው ቅጽበት ነበር፤ አለቃዬን ጨምሮ አሥራ አንድ ሰው ሰማኝ። አለቃዬ “ለእናትህ ነው እንዲህ የምትናገረው?” ሲለኝ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። እርስዎ የቁም ሳጥኑን በር ለቀው ወጡ። ከሰዓት በኋላ ሻንጣዎን ይዘው ወደ ታናሿ ልጅዎ ቤት ሄዱ። “ያን ቤት ዳግመኛ አልረግጥም” ማለትዎንም ሰምቻለሁ።

እኔማ ቁም ሳጥኑን ቆልፌ፣ አሁን ይስተካከላል ብዬ ተቀመጥኩ። ኔትወርኩ ጨርሶ ሞተ። በአራተኛው ቀን ባለሙያ ጠራሁ። ቁም ሳጥኑን አየ፣ እኔን አየኝ።

“ጋሼ፣ ብረት እኮ ሞገድ አያሳልፍም። ይሄ በር ተዘግቶ ነው ሲሠሩ የከረሙት?”

“ይቆራረጥ ነበር እንጂ ይሠራ ነበር።”

“እንግዲያው የሚከፍትልዎ ሰው ነበረ ማለት ነው” አለኝ።

ልጅዎ ከኋላዬ ቆማ ነበር። አለመሳቋ ነው የከፋኝ።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚሉት እኔን ነው። ሁለት ወር ሙሉ እኔ ስቆልፍ እየከፈቱ ሥራዬን ያቆዩልኝ እርስዎ ነዎት። የሰው ቅሬታ እየሰማሁ ደሞዝ የምበላ ሰውዬ፣ እርስዎን አንድ ቀን አልሰማሁም። አፍሬያለሁ። ናፍቀውኛልም።

ልጅዎ ለመውለድ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። ትናንት የሕፃኑን መጠቅለያ አጣጠፈችው፣ ፈታችው፣ እንደገና አጣጠፈችውና “እማዬ ናት የምታውቀው” ብላ ተወችው።

ዋይፋዩ ጠረጴዛው ላይ ተመልሷል፤ እስካሁን አንዴም አልተቋረጠም። ባዶው ቁም ሳጥን ውስጥ ልጅዎ የሕፃኑን ልብስ በሙሉ ደርድራበታለች። ዛሬ ጠዋት ቆለፍኩት። ቁልፉ ይኸው ከደብዳቤው ጋር ነው፤ ሌላ ቁልፍ የለውም። ለልጅዎ እስካሁን አልነገርኳትም፤ ስለዚህ እማማ፣ እሷ ሳትደርስብኝ እርስዎ ይድረሱልኝ።

ጨርቅዎንም አይርሱ፤ ቤቱ አቧራ ይዟል።

ጥፋተኛው አማችዎ